ድምፅሽን ሳይዝ የተመለሰው ፍላሽ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እኛ አለን። እኔ ደህና ነኝ፤ እናትሽም ጉልበቷ በርትቷል፣ ልቧ ግን ሩቅ ሄዷል።

ቀኑን ሙሉ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ እይዛለሁ። ባለፈው ወር ደረጃውን ወርዳ፣ መንገድ ተሻግራ ነው ያገኘኋት። እሷን ስጠብቅ እኔም አብሬ ታሰርኩ። ዳቦ እንኳ የምትገዛልኝ ጎረቤታችን ናት። ከመስኮቱ የሚታየኝ የልብስ ሰፊው ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነው፤ ሚስማሩን ቆጥሬ ጨርሻለሁ።

ሦስት ወር ዝም ያልኩሽ ግን ተቀይሜሽ ነው። የእናትሽን ቪዲዮ በፍላሽ ስልክልሽ፣ የአንቺንና የልጆቹን ጨምረሽ መልሺልኝ ብዬሽ ነበር። ፍላሹ የእሷን ብቻ ይዞ ተመለሰ። «አልቀበል አለኝ» ያልሽውን የሰነፍ ተማሪ ሰበብ አደረግሁት።

ሰኞ ዕለት ኮምፒውተር ጠጋኙ ቤት ድረስ መጣልኝ። ያንቺ ኮምፒውተር ከእኔው የተለየ ዓይነት መሆኑን ስነግረው ሳቀብኝ። «መምህር፣ ፍላሹ የተዘጋጀው ኤንቲኤፍኤስ በሚሉት አሠራር ነው። በእሷ ኮምፒውተር ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። እጇን አስረው ጻፊ ብለዋታል» አለኝ። አርባ ዓመት ሳስተምር፣ ጥያቄዬን ሳላጣራ ተማሪ ወቅሼ አላውቅም ብዬ እኮራ ነበር። ይቅር በይኝ።

ከዚያ ፋት ሠላሳ ሁለት የሚባለውን ሞከርን። ሁሉም ኮምፒውተር ይቀበለዋል፤ ሆኖም አንዱ ፋይል አራት ጊጋባይት ከሞላ አይወስድም። የእናትሽ ስድስት ነው፤ አንቺም ቅጂ ሳታስቀሪ ስለመለስሽው ደግሜ ልልክልሽ ግድ ሆነ። ለሁለት እንቁረጠው ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ ሐሳቧ ሳይቋረጥ ያወራችበት የመጨረሻው ቀን ነውና። በኢንተርኔትም ስንልከው መሐል ላይ እየተቋረጠ አስቸገረን። በመጨረሻ ፍላሹን ኤክስፋት በሚሉት አሠራር አዘጋጀነው፤ ትልቅ ፋይል ይችላል፣ አንቺም እኔም እንጽፍበታለን። አሠራሩ ሲቀየር በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ቪዲዮው ኮምፒውተሬ ላይ መኖሩን አስቀድሜ እስከ መጨረሻው ከፍቼ አየሁ፤ ከዚያ መልሼ ገለበጥኩበት። አንቺም ስትጨርሺ ኮምፒውተሩን አስወጣ ብለሽ ሳታዢ ፍላሹን አትንቀይው።

አደራ፣ ቶሎ በይ። ስልክ ስሰጣት ትወረውራለች፤ የኮምፒውተሩን ስክሪን ግን ታያለች። ትናንት «ያቺ ልጅ ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ። ስምሽን ብነግራት አላመነችኝም። «እሷው ትንገረኝ» አለች። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ስምሽን ተናገሪ።

ባለቤትሽን ስለ ትዕግሥቱ አመስግኚልኝ። ታላቁን ልጅ ጉንጩን ሳሚልኝ። ታናሿንም እንዲሁ፤ እሷ ቪዲዮው ላይ ስትናገር እንዳትቸኩል። የእናትሽን ሰላምታ አልጻፍኩልሽም፤ ያላለችውን አልጨምርም።

አባትሽ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ረቡዕ የካቲት ፱ ቀን