ከንቲባዎቹ በአፍሽ የተናገሩበት ዓመት

እማዬ፣ የሆዴ ሰው፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሊሞላን ጥቂት ቀን ቀርቶናል። መንፈቅሽን ባለፈው ወር አወጣን። ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከአንድ ቤት ተለያይተን ስለማናውቅ የምንጻጻፍበት ምክንያት አልነበረንም።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። አልጋሽን ለአንዲት አቅመ ደካማ ሰጠሁ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አምፖል አሁንም አልተቀየረም፤ ማታ ማታ ግድግዳውን እየዳበስኩ ነው የምወጣው። የመስመር ስልኩን ነቀልኩት፤ ይቅር በይኝ። ማንም አይደውልበትም፤ ግን በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ሊጮህ የተዘጋጀ ይመስለኝ ነበር። ከበታቻችን ያለችው ጎረቤት ደግሞ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘችኝና «እኚያ ሽማግሌ እንግዳችሁ ወደ አገራቸው ገቡ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ገቡ» አልኳት። ምን ልበላት? ቤታችን ሽማግሌ ገብቶ አያውቅም። በጣሪያዋ በኩል ስትሰማ የከረመችው አንቺን ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አንቺ ስለማታስታውሽው እኔ ልንገርሽ። ማክሰኞ ነበር፣ እኩለ ቀን። እኔ ምስር እለቅማለሁ፤ አንቺ መስኮቱ ሥር ተቀምጠሻል። ቀኝ እጅሽን ከፍ አደረግሽና አየር ላይ የማይታይ ነገር ሰካሽ። ከዚያም ከቀጭኗ ጉሮሮሽ ወፍራም የወንድ ድምፅ ወጣ።

«ስብሰባ ላይ ነው በያቸው።»

ወዲያው ደግሞ በራስሽ ድምፅ፣ ቀጥ ብለሽ፣ «እሺ ክቡር ከንቲባ» አልሽ።

ሰው የገባ መስሎኝ ዞሬ በሩን አየሁት። ዝግ ነበር።

ከሃያ ዓመት ልጅነትሽ ጀምሮ ጡረታ እስክትወጪ የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ስልክ አገናኝ ነበርሽ። ጠዋት ከልደታ ተነስተሽ፣ በተክለ ሃይማኖት አድርገሽ፣ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ትሄጃለሽ። ከንቲባ ይሾማል፣ ከንቲባ ይሻራል፤ አንቺ እዚያው ነሽ። በልጅነቴ ምን እንደሚያወሩ ስጠይቅሽ «ጆሮዬ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አፌ ግን የራሴ ነው» ብለሽ ትዘጊኝ ነበር። አባባ እንኳ አንዲት ቃል ሳትነግሪው ነው የሞተው።

በመጨረሻው ዓመትሽ ያ አፍ ከእጅሽ ወጣ።

ሐኪሙ የመርሳት ሕመም ነው አለኝ። ልቤ አልቆርጥ ሲለኝ ጸበል ወሰድኩሽ። ካህኑ በመስቀላቸው ሲዳብሱሽ ከአፍሽ ለስላሳ የሹም ድምፅ ወጥቶ «ባለጉዳዩ ሐሙስ ይምጡ» አለ። ካህኑ መስቀሉን እንደያዙ ቆመው ትንሽ አሰቡ። «ልጄ፣ ይህ ጋኔን አይደለም» አሉኝ። «ጋኔን ቀጠሮ አይሰጥም።» እሳቸው ፈገግ አሉ። ለእኔ ግን ጋኔን ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ጋኔን ይወጣል።

ቀስ በቀስ ለየኋቸው። አንደኛው ሲመጣ ነጠላሽን ሰብስበሽ ወንበርሽ ላይ ትስተካከያለሽ፤ «ጃንሆይ ዘንድ» ሲል ነው ዘመኑ የገባኝ። ከሱ በኋላ «ጓድ» የሚባሉት መጡ። አጭር ይናገራሉ፣ አንቺም አጭር ትመልሻለሽ፤ መስመሩ ሲዘጋ የያዝሽውን ትንፋሽ ትለቂዋለሽ። ከነሱ መካከል «ስ» የምትባለውን ፊደል በጥርሱ መሃል የሚያፏጫት አንድ ሰው ነበር፤ እሱ በመጣ ቀን እኔ እራት አልበላም ነበር። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። «ክቡር...» ብለሽ ቀጥ ትያለሽ፤ ከንቲባ ልበል ሊቀመንበር እያልሽ ማዕረጉ ይጠፋሻል። ከዚያ ደግሞ ከንቲባ የሚለው ስም ተመልሶ ይመጣል። የከተማችንን የከንቲባዎች ታሪክ ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፣ ሾርባ ሳጠጣሽ ነው የተማርኩት።

እንደ ቀልድም ይዤው ነበር፣ እስከዚያ ከሰዓት በኋላ ድረስ።

የመጣው ደረቅ፣ ዝግ ያለ ድምፅ ነው። «ልደታ ይቅደም» አለ። «ማስታወቂያው እስኪወጣ ከዚህ ስልክ እንዳያልፍ።» አንቺም «እሺ ክቡር ከንቲባ» አልሽ። ከዚያ እጅሽን ከአየር ላይ ሳታወርጂ በራስሽ ድምፅ ማልቀስ ጀመርሽ። «ጥሩዬ ሊሾ እያፈሰሰች ነው። ምን ልበላት? ምን ልበላት?» እስኪመሽ ይህንኑ ጠየቅሽኝ።

ጥሩዬ ያልሻቸው እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፣ በአሮጌው ልደታ አንድ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን። ሰፈሩን በለቀቅንበት ዓመት ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ይሉ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አንድ ክፍል ጨመሩ፣ ግድግዳውን መረጉ፣ ወለሉን ሊሾ አደረጉት። አሸዋውን የነፋሁት እኔ ነኝ። ውሃውን ያቀበልሽው፣ ተንበርክከሽ ሲሚንቶውን በመዳፍሽ ያለሰለስሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ክረምቱ ሲወጣ ሰፈሩ እንደሚፈርስ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ሙሽራይቱ ከዚያ ቤት ተድራ አልወጣችም። ለእኛ ኮንዶሚኒየም እዚሁ ልደታ ደረሰን፣ ለእሳቸው ጀሞ። አንድም ቀን ልትጠይቂያቸው አልሄድሽም። መንገዱ ርቆሽ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ፣ ታውቂ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ታውቂ ነበር።

ከቀብርሽ በኋላ የሥራ ማስረጃሽን ላወጣ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። አንድ ኮሪደር ላይ የቀድሞዎቹ ከንቲባዎች ፎቶ ተደርድሯል። ስማቸውን ሳላነብ በፊታቸው ሳልፍ አንድ በአንድ ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ ይነሳል። አፉን ግጥም አድርጎ ፎቶ የተነሳ አንዱ ፊት ስደርስ ያቺን ፉጨት ሰምቼ ቆምኩ። እዚያ የቆሙትን ሽበታም የጥበቃ ሠራተኛ «አባቴ፣ እኚህ ሰው ሲናገሩ 'ስ' ላይ ያፏጩ ነበር?» አልኳቸው።

ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ። «እኔ ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። ያፏጩ ነበር። አንቺ ግን ያኔ ሕፃን ብትሆኚ ነው፤ ማን ነገረሽ?»

እጅ ነስቼ ወጣሁ። እስከዚያች ቀን ሕመምሽ የፈጠረው ይሆናል የሚል ትንሽ ተስፋ ነበረኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀሞ ወረድኩ። እትዬ ጥሩነሽ ሻይ አፈሉልኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ «እናትሽ አንድ ቀን ደጄን ሳትረግጥ ሞተች» ብለው እንባ አቀረሩ። ነገርኳቸው። ብርጭቆውን አስቀመጡና «ቃሉን ንገሪኝ» አሉ። «ምንድን ነው ያሏት?»

በራሴ አንደበት ልነግራቸው ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው የእኔ ድምፅ አይደለም። ደረቅ፣ ዝግ ያለ፣ የዚያ ሰውዬ ድምፅ ነው። «ልደታ ይቅደም። ማስታወቂያው እስኪወጣ ከዚህ ስልክ እንዳያልፍ።» ቀኝ እጄ ከጭኔ ላይ ተነስቶ እንደነበር ያየሁት ቆይቶ ነው።

«በስመ አብ! ዝም በይ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። አማተቡ። ወለሉን አዩ። «በመዳፏ ነው ያለሰለሰችው» አሉ። «ተይ እጅሽን ይልጥሻል ስላት እምቢ ብላ። እያወቀች?»

«እያወቀች።»

«ሂጂ ልጄ። ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም።»

ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ አልመለስኩለትም፤ በማን ድምፅ እንደምናገር እርግጠኛ አልነበርኩም። አንዷ ሴትዮ ዲዳ መስያት ከፈለችልኝ።

በመንፈቅሽ ቀን ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ግን መጡ። ጥቁር ነጠላቸውን ለብሰው ከሰው ሁሉ ኋላ ተቀመጡ፣ ሰው ሲበተን አልተነሱም። ወጥ ቤት ገብተው በባልዲ ውሃ ሳህን ያጥቡ ጀመር። እኔ አለቀልቃለሁ። ፊታቸውን ሳያዞሩ «እኔ ብሆን እነግራት ነበር» አሉ። «ከሥራዬ ብባረርም እነግራት ነበር። ይህን እንድታውቂው ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

አንድ ሳህን አቀብለውኝ «ግን ናፈቀችኝ» አሉ። «ተናድጄም ናፈቀችኝ።»

ያኔ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። የነዚያ ሁሉ ሰዎች ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቁልጭ ብሎ አለ፤ ያንቺ ግን እየጠፋብኝ ነው። ጤነኛ ሳለሽ እንዴት እንደምትጠሪኝ ለማስታወስ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጡት እነሱ ናቸው።

እትዬ ጥሩነሽ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ። ወደ ወጥ ቤቷ ጠባብ መስኮት ዞሩ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፤ በአጥር ላይ ሰው እንደሚጠራ ሰው ተጣሩ።

«ጥሩዬዬ! ውሃ መጣ! ባልዲሽን ይዘሽ ውጪ!»

አንቺ ነበርሽ እማዬ። ጫፉ ላይ ከፍ የምትለው፣ ሳቅ የቀላቀለችው፣ ሰፈሩን ሁሉ የምትቀሰቅሰው ድምፅሽ። ከታች መስኮት ሲከፈት ሰማሁና ያቺ ጎረቤታችን «እውነት መጣ እንዴ?» ብላ ጮኸች። ቧንቧው ደረቅ ነበር። እትዬ ጥሩነሽና እኔ እየተያየን አለቀስን፣ ከዚያ ሳቅን፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስን።

ፈርተሽ ነው ዝም ያልሽው ወይስ ታምነሽ? አላውቅም፤ አሁን የሚመልስልኝም የለም። የሰዎቹን ድምፅ ግን ዳግመኛ በአፌ አላወጣም። በወር አንድ ቅዳሜ ጀሞ እወርዳለሁ፣ አንቺ ያልሄድሽበትን መንገድ እሄድልሻለሁ። እትዬ ጥሩነሽም በሄድኩ ቁጥር አንዴ ሊጠሩልኝ ቃል ገብተውልኛል። እሳቸው የማይችሉበት ቀን ሲመጣ እኔ እችልበት ዘንድ ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነው።

በዚያች ጥሪሽ አስታውስሻለሁ፣ እማዬ። ከነዝምታሽ።

ልጅሽ፣
ከልደታ