ስለ ግራ ዓይኔ ጥቅሻ ለክሊኒኩ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ክሊኒክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የእኛን ጤና ሲጠብቁ የራስዎን እንዳይረሱ እየተመኘሁ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ላሳጣዎት ሳይሆን፣ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ለምሳ ሲያልፉ ዓይንዎ ቢያርፍበት ብዬ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌታ የሰፋሁት፣ ጓደኞቼ «እመት ኮሌታ» የሚሉኝ ሴት ነኝ።

1. ከአራት ዓመት በፊት ጨጓራዬን ሲያቃጥለኝ ለአንድ ወር ያዘዙልኝን እንክብል፣ ካርዴን እንኳ ሳይገልጡ «ይቀጥል» እያሉ እስከ ቅርብ ጊዜ ስላደረሱልኝ እጅዎ አይድከም። ቃጠሎው ጠፍቷል፤ ሐሰት አልናገርም።

2. ባቴ እየተኮማተረ መቆም ሲያቅተኝ «ዕድሜ ነው» ስላሉኝ፣ ጣቶቼ ጨርቁ ላይ ደርቀው አልላቀቅ ሲሉኝም «ጭንቀት ነው፣ ዘና ይበሉ» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። እንደ ምክርዎ ዘና ለማለት እየሞከርኩ ሳለ የማሽኑ መርፌ በአውራ ጣቴ አለፈ።

3. የግራ ዓይኔ ቆብ መርገብገብ ሲጀምር «በራሱ ይተዋል» አሉኝ። እሱ ግን አልተወም፤ የመጨረሻ ልጄን የሚያክለው የመስመር አለቃችን «በሥራ ሰዓት ደጋግማ ጠቀሰችኝ» ብሎ ከሰሰኝ። ሠራተኛ አስተዳደር ሕመም እንዳለብኝ ቢጠይቅዎ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፍዎ «ሠራተኛዋ ፍጹም ጤነኛ ናት» ብለው ፈረሙ፤ በእርስዎም ፊርማ ጥቅሻዬ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ሆነ። ባለቤቴ የተሰጠኝን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አንብቦ፣ «በሠላሳ ዓመት ትዳር እኔን አንድ ቀን ጠቅሰሽኝ አታውቂም» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ከማሽኔም ተነሥቼ ከተሰፋ ልብስ ላይ ትርፍ ክር ለቃሚ ሆንኩ። አዝኛለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የማሳምርበት መንገድ አላገኘሁም።

4. ሌላ ቦታ ላቦራቶሪ የምትሠራው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለችኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ደሜ ሲመረመር ማግኒዥየሜ እጅግ ወርዶ ተገኘ። ያዩኝ ሐኪም እንዳስረዱኝ ይህ ማዕድን ጡንቻና ነርቭ፣ ልብም ጭምር፣ በወጉ እንዲሠሩ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ያ እንክብል ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ማዕድኑን እንዳያገኝ ሊያደርግ ይችላል። መድኃኒቱን ለወጡልኝ፣ የጎደለውንም ተኩልኝ፤ የዓይኔ መርገብገብ ቆመ፣ ጣቶቼም ተፍታቱ።

ስለዚህ በዚያው በሚያምር ጽሑፍዎ «ታማ ነበር» ብለው አንድ መስመር እንዲጽፉልኝና ወደ ማሽኔ እንድመለስ፣ ከእኔ ክፍል ይህንኑ እንክብል በ«ይቀጥል» የሚውጡት ዘጠኝ ሴቶችም መርፌው ጣታቸውን ሳያገኘው ደማቸው እንዲመረመር፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እለምናለሁ።

ለአራት ዓመት የእንክብልዎ ታማኝ፣
በፊርማዎ ጤነኛ፣ በደሟ ሕመምተኛ የነበረችው
እመት ኮሌታ፣ ለጊዜው ክር ለቃሚ

ግልባጭ፦
ለሠራተኛ አስተዳደር
ለመስመር አለቃዬ፣ ዓይኔ መቆሙን ከሩቅ ሆኖ እንዲያረጋግጥ
ለባለቤቴ፣ ለይቅርታ

ማስታወሻ፦ ጤነኛ ናት ብለው በፈረሙ ዕለት ጠረጴዛዎ ላይ የዚያው እንክብል ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ አይቻለሁ፤ የቀኝ ዓይንዎም ሦስት ጊዜ ጠቀሰኝ። ሕመም መሆኑን ያኔ ባላውቅም ለማንም አልከሰስኩዎትም። አሁን ስላወቅኩ ግን እለምንዎታለሁ፣ ደምዎን ይመርመሩ፤ የእርስዎን ካርድም ገልጦ የሚያይ የለምና።