እማዬ ከእጄ ያልበላችበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቤት ውስጥ የምንኖረው እኔና እማዬ ብቻ ነን። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ አመሻሽ ላይ ብቅ ብለው ሄዱ።

የምሠራበት ሆስፒታል አልጋ አራት ላይ የነበሩት አዛውንት ዛሬ አረፉ። ትናንት ሲያስመልሳቸው ወለሉን የወለወልኩት እኔ ነኝ። ሲስተር ሰላም እኛን የጽዳት ሠራተኞችን ሰብስባ ተላላፊ የሆድ ቫይረስ ክፍሉ ውስጥ መግባቱን ነገረችን። ጠንካራውን ጥቂት ቀን አሰቃይቶ ይለቀዋል፤ አቅም የሌለውን ሽማግሌ ግን የሰውነቱን ውሃ ይጨርስበታል አለች።

እኔ ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ እጄን በአልኮል አሽቼ ነው ታክሲ የምይዘው። ይበቃል ብዬ። ነገርኳት።

«አይ ጥሩዬ፣ ይሄኛው አልኮል አይፈራም። ሳሙናና ውሃ ነው፣ በደንብ አሽተሽ» አለችኝ።

ታጥቤም ቢሆን ከመገናኛ እስከ ቤት እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ መጣሁ።

የምፈራው ለእማዬ ነው። ወንድሜ ግርማ ከሞተ ወዲህ በራሷ እጅ አትበላም። ለቅሶው ላይ እህል አልቀምስም ስትል እየለመንኩ አጎርሳት ጀመር፤ እንደዚያው ቀረ። አሁን የምትበላው ከእኔ እጅ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ዝናብ። የሥራ ልብሴን እዚያው ሆስፒታል ትቼው መጣሁ። ጫማዬን ደጅ አወለቅኩ። የውሃ ፈረቃችን ሐሙስ ነው፤ ከጣሪያ በሚወርደው ውሃ በሳሙና ታጠብኩ። ሳሙናው ሲያልቅ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

እራት ላይ በማንኪያ ላበላት ሞከርኩ። ማንኪያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ተጸየፍሽኝ?»

«አንቺን አይደለም እማዬ፣ እጄን ነው።»

«እጅሽ ምን ሆነ?»

የማይታይ ነገር እንዴት ይነገራል። በወረቀት ያነበብኩት፣ ከሲስተር የለቀምኩት ሁሉ አፌ ላይ ጠፋ። አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ረቡዕ፣ ኪዳነ ምሕረት

ከላይ ከእንጦጦ የቅዳሴው ድምፅ ሲመጣ እኔ ጓሮ ተደፍቼ ነበር። አስመለሰኝ፣ አስቀመጠኝም። ወደ ቤት አልተመለስኩም፣ ማድ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩ።

ለሲስተር ደወልኩ። «እንዳትመጪ። ከቆመልሽም በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ምግብ እንዳትነኪ» አለች። ኦ አር ኤስ በጥብጬ እጠጣለሁ። በተነሳሁ ቁጥር የነካሁትን በበረኪና አብሳለሁ፣ ከዚያ እንደገና እተኛለሁ።

እትዬ ዘነቡ ለእማዬ ሽሮ ይዘው ገቡ። ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል።

«እማማ፣ የኔ እጅ መርዝ አለው እንዴ?»

«የልጄን እጅ አምጪልኝ» አለቻቸው።

ሳህኑ እንዳለ ተመለሰ።

ሐሙስ

ውሃ መጣ። መቆም አልቻልኩም፤ እትዬ ዘነቡ ጀሪካኖቹን ሞሉልኝ።

እማዬ ከማክሰኞ ወዲህ ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ረፋዱ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። መሀላችን የጓሮው ጭቃ ብቻ ነው። ሲከፋት ኦሮምኛዋ ይቀድማል። «ኮቱ» አለችኝ፣ ነዪ ማለቷ ነው።

አልሄድኩም።

ብሄድ በሽታው፣ ባልሄድ ረሃቡ። የአልጋ አራቱ ሰውዬ ከንፈር እንዴት ደርቆ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የእሷም ከንፈር ከዚህ ሆኜ ሳየው የደረቀ መሰለኝ።

«እማዬ፣ እኔም እኮ አልበላሁም» አልኳት። እውነቴን ነው። «አንቺ ካልቀመስሽ እኔም አልቀምስም።»

 ከዚያ እትዬ ዘነቡን ጠርታ እንጀራና ሽሮ አስቀረበች።  አንድ ጠቅልላ ሳህን ላይ አስቀመጠችና «ለሷ ስጪያት» አለች።

«የእናትና ልጅ ተላላኪ ሆኜ ቀረሁ» አሉ እትዬ፣ ጭቃውን እየዘለሉ። ሳህኑን ማድ ቤቱ በር ላይ አስቀምጠው ተመለሱ።

ያስመልሰኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወረደ። እማዬ አፌን ታያለች።

«ያንቺስ?» አልኳት።

 ከዚያ ትንሽ ቆረሰችና በራሷ እጅ አፏ ውስጥ ጨመረችው። ከግርማ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። እንዳታየኝ ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ ዞርኩ።

ዓርብ

ከትናንት ከሰዓት ወዲህ አላስመለሰኝም፣ ሆዴም ቆሟል። ሁለቱን ቀን እጠብቃለሁ። ዛሬም ማዶ ለማዶ በላን። እየበላች «ግርማ ሽሮው ላይ ቃሪያ ካላየ ያኮርፍ ነበር» አለች። ስሙን ከጠራች ስንት ጊዜዋ ነው። 

ቅዳሜ

እማዬ «ሆዴን» አለች። ቀኑን ሙሉ ከበሩ አልተነሳሁም፣ ፊቷን ሳይ ዋልኩ። እትዬ ዘነቡ «ጎመኑ ይሆናል» ይላሉ። እስኪመሽ አላስመለሳትም። ከማሪያም ጋር ስነጋገር ዋልኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ዝናቡ አባርቷል። እማዬ ደህና አደረች።

ማድ ቤት የተኛሁበትን አንሶላ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ልብሴን ቀየርኩ። ውሃ አሞቅኩ፣ እትዬ ዘነቡ ከጣሳ እያፈሰሱልኝ በሳሙና እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ በጣቶቼ መሀል፣ ጥፍሬ ሥር፣ እንደገና። በንጹህ ጨርቅ አደረቅኩ። ገባሁ። ከእማዬ ፊት ተቀመጥኩ። እንጀራውን ቆረስኩ፣ ሽሮውን ጠቀለልኩ፣ ወደ አፏ ዘረጋሁ።

አንጓዬን ያዘችና ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው።

«እኔ ለመድኩ» አለችኝ። «አንቺ ብዪ፣ ከስተሻል።»

ከዚያ ለራሷ ቆረሰች። አገጯ ላይ ሽሮ ይንጠባጠባል፣ ግን ትበላለች። ደስ ብሎኛል። ጉርሻው ግን እጄ ላይ ቀረ፤ ትንሽ ይዤው ቆየሁና ራሴ ጎረስኩት። በረኪና በረኪና አለኝ።