ችግኙ የዘንድሮ፣ ጉድጓዱ የአምናው

ሐምሌ 4 ቀን 2005
ዛሬ ተራራው ላይ ችግኝ ተከልን። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ጉድጓድ ልቆፍር ስል የቀበሌው ሊቀመንበር ደምሴ ሳቀብኝ። «ምን አደከመህ ታሂር? የአምናው አለልህ!» እውነትም አለ። የካቻምናውም እሱው ነው... ሚያዝያ ላይ ምረጡኝ ስል «መቶ ሺህ ችግኝ!» ብዬ ፎክሬ ነበር። በየትኛው ጉድጓድ?

ሐምሌ 6
ከባለቤቴ ከዓሊማ ጋር ተኳረፍን። ሰባት ፍየሎቿ የሚውሉት ተራራው ላይ ነው። «የአምናውን ችግኝ ማን በላው?» ብላት «ድርቁ» አለች። ድርቅ ቀንድ አለው እንዴ?

ሐምሌ 11
ቆቦ ዋልኩ። የወረዳው ምክር ቤት፣ የመጀመሪያ ስብሰባዬ። ሪፖርት አቅራቢው «አምና በእነ ታሂር ተራራ ሃያ ሺህ ችግኝ ተተክሏል» አለ። ጭብጨባ። እጄን አወጣሁ... ምን እንደነካኝ እንጃ።
«ስንቱ ጸደቀ?»
አንዱ አሳለ። ሰውየው ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባው ባዶ ነው። አፈ ጉባኤዋ «ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮሚቴ ይቋቋምና ሰብሳቢው ጠያቂው ይሁን» አለች። ምን አስለፈለፈኝ!

ሐምሌ 19
የአምናዎቹን ቆጠርን። ሠላሳ አንድ። ሺህ የለውም። አንዷን እየቆጠርን ፍየል መጥታ በላቻት። ሠላሳ በል። ፍየሏ የኛ ናት... የማላውቃት መሰልኩ።

ሐምሌ 26
ኮሚቴያችን ረቂቅ ደንብ አቀረበ። ሪፖርት ላይ የሚጻፈው የጸደቀው ብቻ ይሁን። ለባነር የተያዘው በጀት ለተራራው ጥበቃ ይዙር። እንስሳ አይግባ፤ ሣሩ እየታጨደ ለየቤቱ ይታደል። ምረጡኝ ስል አንዱንም አላልኩ። ብል ማን ይመርጠኝ ነበር?
ድምፅ ሲሰጥ የዓሊማ ፊት ድቅን አለብኝ። እጄ መንገድ ላይ ቀረ። አፈ ጉባኤዋ «አቶ ታሂር፣ እየደገፉ ነው ወይስ ራስዎን እያከኩ?» አለችኝ። አወጣሁት። በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። በኔው!

ሐምሌ 27
ራት የለም። ሰላምታም የለም።

ነሐሴ 15
ጉድ ነው! ዓሊማ የተራራው ጥበቃ ሆና ተቀጠረች። «የኔ ፍየሎች ያልበሉትን የማንም ፍየል አይበላውም፣ ወላሂ!»

ጥቅምት 8 ቀን 2006
ኮሚቴውን ይዤ ለቁጥጥር ሄድኩ። እግሬን ስላመመኝ የጎረቤቴን የአራጌን በቅሎ ተውሼ ነበር። ዓሊማ ዱላዋን ይዛ መግቢያው ላይ ቆማለች።
«ውረድ።»
«ሰብሳቢው እኮ ነኝ!»
«አንተ ግባ። በቅሎዋ እንስሳ ናት።»
ኮሚቴው በሳቅ ሞተ። ተናድጄ ወረድኩ፣ እያነከስኩ ወጣሁ። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። የሐምሌዎቹን እስከ አራት መቶ ቆጥረን ደከመን፤ ግማሹ ተራራ ገና አልተቆጠረም።
ስመለስ ዓሊማ ለበቅሎዋ ሣር አጭዳ እያበላቻት ነው።
«የሚመጣው ምርጫ መቼ ነው?» አለችኝ።
«ምነው?»
«ልወዳደር።»
«ምን ቃል ልትገቢ?»
«ምንም። እዚያ ገብቼ ልጠይቅ ነው።»
ፈራሁ... ግን እመርጣታለሁ።