የሁሉም ሁለተኛ

የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፵፱

የኔታ ዋኘውን ጉልበታቸውን አመማቸው። ቅኔውን ተክቻቸው ሳስተምር ዋልሁ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።

የደብራችንን ንብረት የሚያስተዳድሩት ገበዝ ከሞቱ ወዲህ ካህናቱ ሁለት ጎራ ሆነዋል። አንዱ ወገን ቄስ አላምረው ይሾሙ ይላል፣ ሌላው ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ። ከሁለቱ ማንኛቸውም ቢሾሙ የቅኔ ቤቱን ጎጆዎች አፍርሰው ቦታውን ለፒያሳ ነጋዴ መጋዘን ሊሰጡ ነው። አርባ ተማሪ የት ይውደቅ? የኔታም በእጩነት ይግቡበት ብለን ለመንናቸው። እሺ አሉ... በግድ።

የካቲት ፰

ለፓርላማ እንደራሴ ይመረጣል ከተባለ ወዲህ ሁሉም ምርጫ አዋቂ ሆኗል። እኔም ከከተማው ትምህርት ቤት ህንዳዊ መምህር የሰማሁትን ዘዴ ለጉባኤው አቀረብሁ። እያንዳንዱ መራጭ ሦስቱንም ስም በቅደም ተከተል ይጽፋል። በአንደኝነት ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ፣ አንደኛ ብለው የጻፉት ሰዎች ከሁሉ ያነሱበት ሰው ከውድድሩ ይወጣል። እሱን ያስቀደሙት ወረቀቶች ሁለተኛ ወደ ጻፉት ሰው ይዞራሉ።

ቄስ አላምረው «ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ከመጣላት ይሻላል» አሉ። ሁሉም ተስማማ። ደስ አለኝ። የኔታን የሚጠላ የለም፤ በሁለቱ ጠበኞች መካከል እሳቸው ያሸንፋሉ ብዬ ነው።

የካቲት ፲፪

የኔታ አስጠሩኝ።

«ምነው፣ አንደኛ ልትጽፈኝ ነው አሉ?»

«አዎን የኔታ።»

«ነውር ነው። ደቀ መዝሙር መምህሩን ሲያስቀድም አድልዎ ይሆናል። ሁለተኛ ጻፈኝ።»

«እንዴ፣ የኔታ...»

«ጨርሻለሁ።»

የኔታ ካሉ አለቀ። ደግሞስ ሁለተኛም ይቆጠር የለ? ከሁለቱ፣ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ትንሽ ይሻላሉ፤ እሳቸውን አስቀድማለሁ።

የካቲት ፲፯

የቆጠርሁት እኔ ነኝ። ሃያ አንድ መራጭ። አላምረው ስምንት፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰባት፣ የኔታ ስድስት።

የኔታ ወጡ።

ስድስቱ ወረቀት ሲዞር አራቱ ለኃይለ ጊዮርጊስ፣ ሁለቱ ለአላምረው ሆነ። አሥራ አንድ ለአሥር። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ገበዝ ሆኑ።

የካቲት ፲፰

ወረቀቶቹን እንደገና ዘረጋኋቸው። ባላየሁ ይሻል ነበር። የሁለቱ ወገን አሥራ አምስት ወረቀት፣ አንድ ሳይቀር፣ ሁለተኛ የጻፈው የኔታን ነው። ከአላምረው ጋር ብቻቸውን ቢቀርቡ አሥራ ሦስት ለስምንት ያሸንፋሉ። ከኃይለ ጊዮርጊስ ጋር ቢቀርቡ አሥራ አራት ለሰባት። ሁለቱንም የሚያሸንፍ ሰው ቀድሞ ወጣ። ለካ የሁሉም ሁለተኛ መሆን ምንም አይደለም... ሁለተኛው ስም ሳይታይ ሰውየው ወጥቷል።

የእኔ ወረቀትስ? እሳቸውን አስቀድሜ ቢሆን የኔታ ሰባት፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ስድስት። የሚወጡት ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ወረቀታቸውም ሁሉ ለየኔታ ይዞር ነበር።

በአንድ ወረቀት። በእኔ።

ፊደሉ የተንቀጠቀጠ ሌላም ወረቀት አለ። እጅ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። የኔታም ራሳቸውን ሁለተኛ ጽፈዋል።

የካቲት ፳

ለአዲሱ ገበዝ ስሌቱን አሳየኋቸው። «ሥርዓቱን ማን አመጣው? አንተ። አሁን ስላልጣመህ ይፍረስ?» አሉኝ። ቄስ አላምረው ዘንድም ሄድሁ። «እኔስ በአንድ ድምፅ አይደል የተሸነፍሁ? ማን አለቀሰልኝ?» አሉ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መጋቢት ፭

ጎጆዎቹ ፈረሱ። ከተማሪው የሚበዛው ወደ ጎጃም ተነሣ። የኔታ ማክሰኝት እህታቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። በቅሎዋን ስጭን ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«አንድ ሰው ጨምሮ ቢያስቀድመኝ ኖሮ እተርፍ ነበር?»

«የለም የኔታ። አይበቃም ነበር።»

«ሸጋ። አንተን ያዘዝሁህ ነገር ሲከነክነኝ ነበር።»

ፊታቸው ቀለል አለ። ባረኩኝ። የኔታን ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቡራኬውን ተቀብዬ ቆሜ ቀረሁ።

መጋቢት ፲፱

የማስተምረው ተማሪ የለም። የገበዙ ጸሐፊ ተደርጌያለሁ።

ዛሬ ከጎረቤት ደብር ሦስት ካህናት መጡ። እነሱም ገበዝ ሊመርጡ ነው። «ያን ሥርዓት ጻፍልን» አሉ። የደረሰብንን ሁሉ ነገርኋቸው። በደንብ ሰሙኝ። «ታዲያ ያለ እሱ በዱላ ልንመርጥ ነው?» አሉ። ጻፍሁላቸው። ከታች አንድ መስመር ጨመርሁ፤ ማንም መራጭ ለትሕትና ብሎ የሚፈልገውን ሰው ሁለተኛ እንዳይጽፍ።

ትልቁ ቄስ አነበቡት፤ ፈገግ አሉ። «ይህማ ለካህን አይነገርም» ብለው ብዕሬን ተቀብለው ሰረዙት።