ከግንቡ ጀርባ ያለው ደረጃ

ማክሰኞ

ውክልናዎቹን በሙሉ መለሱብኝ። አንድም አልቀረም። ከጻካኔ እስከ ኮዝሞ ሲቲ ከተማው ዳር ሱቅ ካላቸው የአገሬ ልጆች በዋትስአፕ እየለመንኩ የሰበሰብኩትን ሁሉ የሕንፃው አስተዳዳሪ በሁለት መስመር ኢሜይል ውድቅ አደረገው። ለካ አንድ ሰው ከሁለት ባለ ፍላት በላይ ወክሎ ድምፅ መስጠት አይችልም። የእኛዎቹ ደግሞ ሳይመካከሩ ሁሉም የተወካይ ስም የሚለው ላይ ጋሽ ኤርሲዶን ጽፈዋል። አንዱማ የአባታቸው ስም ቢጠፋው «ሽማግሌው» ብሎ ልኮታል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ጋሽ ኤርሲዶ ጀርሚስተን ከተማ ብርድ ልብስ ያከፋፍላሉ። የሆሳዕና ሰው ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። እዚህ ሕንፃ ላይ ፍላት የገዙት የአገሬ ልጆች አብዛኞቹ ሱቅ የከፈቱት በእሳቸው ምክር ነው። ባለ ፍላቶቹ ራሳቸው በየሱቃቸው ጓዳ ያድራሉ፣ ፍላቱን ያከራዩታል። እና ድምፃቸውን ከእሳቸው ሌላ ለማን ይስጡ?

ስብሰባው ቅዳሜ ነው። በየፎቁ ሁለተኛውን ደረጃ የዘጋው ግንብ ይፍረስ፣ ቢሮ የነበረውን ሕንፃ ፍላት አድርጎ የሸጠልንም ሰውዬ ይከሰስ ነው የምንለው። የሕንፃው ኮሚቴ አይፈልግም። ወሬው ከወጣ ገዢ ይሸሻል ይላል። ባለፈው ወር ሦስተኛ ፎቅ በሂተር የተነሣው እሳት ትንሽ ነበር፣ ጭሱ ግን ያለችንን አንዲት ደረጃ ሞላት። የእሳት ማጥፊያውን ቱቦ ቢከፍቱት ጠብታ ውሃ የለውም። እኔ ሳምሶንን ይዤ ሰባተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባሌ ከኮቪድ ወዲህ አንድ ፎቅ ለመውረድ እንኳ ትንፋሽ የለውም። በዚያ ጭስ ውስጥ ላስወርደው ብሞክር እገድለው ነበር።

ረቡዕ

ለጋሽ ኤርሲዶ ደወልኩ። ተቀየሙ።

«አላመኑኝም ማለት ነው፣ ልጄ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሕጉ ነው።»

«ሽማግሌ የማይወክልበት ሕግ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» አሉና ደንበኛ መጣብኝ ብለው ዘጉት። ደንበኛ እንዳልመጣ አውቃለሁ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ መደወል። ድምፃችሁን ለሕንፃው ነዋሪዎች አከፋፍሉት ብዬ። ለምሳሌ ለማማ ንቶምቢ። ጎረቤቴ ናት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፤ ጉልበቷን እያመማት ከእኔ ጋር የየፎቁን በር አንኳኩታለች። ጻካኔ ሱቅ ያለው ደሳለኝ፣ ፍላቱ እዚሁ ስድስተኛ ፎቅ ነው፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሲስተር፣ አከብርሻለሁ። ግን በዓይኔ አይቻት ለማላውቅ ሴት እንዴት ፈርሜ ልስጥ? ነገ ፍላቱን ሰጥተኸኛል ብትለኝስ?»

ደሜ ፈላ። እሷ በየበሩ የምትዞረው እኮ ለእሱ ተከራይ ልጆችም ጭምር ነው። ይህንንም ነገርኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አሁን ቆጨኝ። ስሞታው ነገ ጋሽ ኤርሲዶ ዘንድ ይደርሳል።

ሐሙስ

የምሠራበት የሆስፒታሉ ዋርድ በኮቪድ ታማሚ ሞልቷል። ዛሬም አስከሬን ጠቅልለን አወጣን። ቤት ስገባ መብራት ጠፍቷል፣ የሳምሶን የኦክስጅን መሣሪያ ቆሟል፣ ከትንሿ ሲሊንደር ይተነፍሳል። ሊፍቱም ስለቆመ በእግሬ ነው የወጣሁት።

«ሽጠን እንውጣ» አለኝ።

«ለማን?» አልኩት። ባንኩ እዚህ ሕንፃ ላይ አላበድርም ብሏል። ያውቃል። መልሼ መላልሼ ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ነርስነቴን ረስቼ የታመመ ሰው ላይ ጮህኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ደክሞሽ ነው» አለኝ። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ።

ያስጨነቁኝ፦ ሲሊንደሩ ተጋምሷል። ከሱቀኞቹ እሺ ያለኝ ማንም የለም። ቅዳሜ ከተሸነፍን ጠበቃው እንዳለው የመክሰሻው ጊዜ ያልፍብናል። ጋሽ ኤርሲዶ ስልክ አያነሡም።

ደስ ያለኝ፦ ሳምሶን ሾርባውን ጨረሰ።

ዓርብ

የቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት በኮቪድ የተነሣ አሁንም በስልክ ነው። የመራው ወንድም አሜን ብሎ ሊዘጋ ሲል ጋሽ ኤርሲዶ «ቆይማ» አሉት።

«ነገ ጀፒ ሰፈር ፍላት የገዛችሁበት ሕንፃ ስብሰባ አለ። እኔ ልወክላችሁ አልችልም ተብሏል። ስለዚህ ባለ ፍላት የሆናችሁ ሱቃችሁን ዝጉና ራሳችሁ ሂዱ።»

የሆነ ሰው ማይክ ክፍት ረስቶ ሚስቱን ሲቆጣ ተሰማ።

«ጋሼ» አለ ደሳለኝ፣ «ነገ እኮ ወር መጨረሻ ነው። ሰው ደመወዝ የሚቀበልበት ቀን ነው።»

«አውቃለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉ። እኔ ግን ተስፋ አላደርግም። በወር መጨረሻ ሱቅ የሚዘጋ ሐበሻ እስካሁን አላየሁም።

ቅዳሜ

መጡ። ኧረ መጡ። በየባኪያቸው፣ በየፒክአፓቸው ማለት ነው፣ ስኳርና ዱቄት እንደጫኑ፣ መንገድ ላይ ዕቃ ገዝተው። ስብሰባው የምድር ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር፣ ወንበር ተራርቆ። አስተዳዳሪው ስማቸውን ሲጠራ እየሰባበረው፣ እነሱ ጭምብላቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ከመታወቂያው እያስተያዩ። «ሄራሞ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው ሄራሞ ራሱ «ማይ ፍሬንድ በለኝ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ» አለው። የኮሚቴው ሰብሳቢ እንኳ ሳቀ።

ደሳለኝን ከማማ ንቶምቢ ጋር አስተዋወቅሁት። «ሳዉቦና ማማ» ብሎ ጀመረና በዙሉ ቋንቋ ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔ በስንት ዓመቴ ሰላምታ ብቻ ነው የማውቀው። ከዚያ «ይቺ መሆኗን ባውቅማ እፈርምላት ነበር» ይለኛል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። 

አሸነፍን። ግንቡ ይፈርሳል፣ ሰውዬውም ይከሰሳል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሰኞ

ግንበኛው ከእኛ ከሰባተኛው ፎቅ ጀመረ። ደሳለኝ ደግሞ ለማየት ከጻካኔ ድረስ መጣ፤ ሠራሁት የሚለው ነገር ስለሆነ ደስ ብሎታል። ጡቡ ቶሎ ተናደ። ከኋላው እውነትም ደረጃ አለ፣ አቧራ የለበሰ። የስልክ መብራት ይዘን ወረድን። ስድስተኛ ፎቅ ስንደርስ ደረጃው አለቀ። ሲሚንቶ ተሞልቶ ወለል ሆኗል፣ ከፊታችን ቀጭን ግድግዳ ቆሟል። ግንበኛው በመዶሻው ኳ ኳ አደረገው።

«ንጉባኒ?» አለች ሴት ከወዲያ በኩል። ማን ነው ማለቷ ነው። ሕፃንም ያለቅሳል።

ደሳለኝ ድምጿን ለየው። ተከራዩ ናት። ያ ሕንፃውን የሸጠልን ሰውዬ ደረጃውን መኝታ ቤት አድርጎ ሸጦለታል፤ ባለ ሁለት መኝታ ብሎ። ደሳለኝ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው።

«ሲስተር፣ ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት የራሴን ቤት ላስፈርስ ነው እንዴ?»

አይዞህ ልለው ፈለግሁ። እኔ ግን ይፍረስ ባይ ነኝ። እሱም አሳዘነኝ፣ ከልጇ ጋር ከቤቱ የምትወጣው ሴትም አሳዘነችኝ፣ ግን ይፍረስ። እሱም ከፊቴ ላይ ያነበበው መሰለኝ፤ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ሳምሶን አልጋው ላይ ሆኖ «ተከፈተ?» አለኝ። ተከፈተ አልኩት። ሌላውን ነገ እነግረዋለሁ። ለደሳለኝም ነገ እደውላለሁ፤ ምን እንደምለው ግን እስካሁን አላውቅም።