የሰባታችን ድሪቶ

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ተቀበሉን! ተቀበሉን! ተቀበሉን!

ሦስቴ ጻፍኩት፣ አሁንም አልወጣልኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ "እናመሰግናለን፣ ለዘንድሮ አልሆነም" ሲሉን የኖሩት የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ሰዎች ዛሬ ደብዳቤ ላኩ። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሙሉ ግድግዳ ሰጡን። ያውም ከበሩ ፊት ለፊት! ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ከዚያ አንዲት ጣት እንዳታልፍ ይላል። ሚያዝያ 30 ማስረከብ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ "ድሪቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ?" አለኝ። አዎ የኔ ጌታ፣ ሊሰቅሉ! በብርድ ጊዜ ምን ውስጥ ተጠቅልለህ ነው የምታንኮራፋው?

ድሪቶ ያሉን መጀመሪያ ሊሰድቡን ነበር፣ የባለቤቴ እህት ጭምር። ከየቤቱ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥለን ብርድ ልብስ ስለምንሰፋ። እኛም "እሺ፣ ድሪቶ ነን" ብለን ማኅበሩን በዚያው ጠራነው። አሁን ይዩን!

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ስብሰባ። እንደ ሁልጊዜው የቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል። ሰባታችንም መጣን፣ አንድ እንኳ አልቀረ።

እትዬ ሜትር ንድፉን ሠርተው ነው የመጡት። ጡረታ የወጡ የስፌት አስተማሪ ናቸው፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። ሹፌሯ (የከተማ አውቶቡስ ነው የምትነዳው፣ ምላሷ ግን ፍሬን የለውም) "እትዬ፣ ሲተኙስ ያወልቁታል?" አለቻቸው። "ያንቺን ምላስ እስክለካበት ድረስ አላወልቀውም" አሉ። ሳቅ በሳቅ።

ንድፉ አርባ ዘጠኝ ኮከብ ነው። ለእያንዳንዳችን ሰባት ሰባት። ለእኔ፣ ለእትዬ፣ ለሹፌሯ፣ ለፀጉር ሠሪዋ፣ ለሁለቱ እህትማማቾች፣ እና ከሦስት ወር በፊት ለገባችው አዲሷ፣ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት። ዝምተኛ። እያንዳንዱ ኮከብ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር፣ በወርዱ አራት ቁራጭ። ቁራጮቹ የሚቆረጡበት ልክ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፣ አንድ ብቻ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ከሱ ላይ በካርቶን እያወጣሁ ለሁሉም እንዳድል ተሰጠኝ። ኩራቴን ማን ይቻለው!

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ካርቶኖቹን በአንድ ከሰዓት ጨረስኩ። የመጀመሪያውን ከቆርቆሮው ላይ በቀጭን እርሳስ። ከዚያ እትዬ ቆርቆሮዬን ብለው ላኩብኝ፣ እርሳሱም ተሰበረ። ምን ችግር አለ? ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው፣ አራተኛውን ከሦስተኛው… በወፍራም እስክሪብቶ እየዞርኩ ስድስቱንም ጨረስኩ። የመጀመሪያውን ለራሴ ያዝኩ፣ የመጨረሻው ለአጣቢዋ ደረሳት።

"ልክ ነው አይደል?" አለችኝ ሁለቴ። ተጠራጣሪ። ልክ ነው አልኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሁለተኛዬ ኮከብ አለቀ። ጫፎቹ መሃል ላይ ተገናኙ፣ እንደ ወንድምና እህት። ባለቤቴ አየና "ጥሩ ነው" አለ። ከሱ አፍ ይኼ መዝሙር ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ሰባቱም አለቁ! ጣቴ በመርፌ ወንፊት ሆኗል፣ ግድ የለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ዛሬ… ከየት ልጀምር?

የመገጣጠሚያው ቀን ነበር። ሁላችንም ሰባት ሰባቱን አምጥተን፣ የየራሳችንን በተራ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። ሲያምር! ከዚያ እትዬ ሜትር የራሳቸውን ተራ አንስተው ከመጨረሻው ተራ ጎን አስቀመጡት። ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተበላለጡ።

"ይኼ የማን ነው?"

"የኔ" አለች አጣቢዋ።

ለኩት። ሃያ አምስት መሆን የነበረበት ሃያ ሰባት።

"ያንቺ ኮከብ አርግዟል እንዴ?" አለች ሹፌሯ። ሳቅን። አዎ፣ እኔም ሳቅኩ።

እትዬ ግን አልሳቁም። "ልጄ፣ ይኼ የሰነፍ እጅ ነው። መቀስ ከመያዝሽ በፊት ትዕግሥት መያዝ ነበረብሽ።"

"እኔ በተሰጠኝ ካርቶን ነው የቆረጥኩት…"

"ካርቶን አያድግም!" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። እኔ።

ሰባቱን ኮከቦች አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አስተጣጠፏ ልቅም ያለ፣ ጠርዝ ከጠርዝ። "አመሰግናለሁ" ብላ ወጣች። በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ከዚያ በኋላ ማንም የሌላውን ለመለካት ልብ አልነበረውም፤ ተበታተንን።

አመሰግናለሁ? ለምኑ?

እሁድ፣ መጋቢት 28

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ካርቶኖቹን ትናንት ከሁሉም ሰብስቤ ነበር፣ አጣቢዋ ጠረጴዛው ላይ የተወችውን ጨምሮ፣ ጸሐፊ አይደለሁ? ዛሬ ላስቀምጣቸው ብዬ አንዱን በአንዱ ላይ ስደርብ… ደረጃ። ልክ እንደ ደረጃ። እያንዳንዱ ከበላዩ ካለው በአንድ ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ያ የተረገመ ወፍራም እስክሪብቶ! በመስመሩ ውጭ በኩል እየቆረጥኩ፣ ያንኑ ደግሞ እያዞርኩ። አንድ ሚሊ በአራት ቁራጭ፣ በአምስት ካርቶን… ሃያ ሚሊ። ሁለት ሳንቲም። የአጣቢዋ ሁለት ሳንቲም!

ካርቶን ያድጋል። እኔ እጅ ላይ ያድጋል።

እሷ ብቻ ሳትሆን ከእኔና ከእትዬ በቀር ሁሉም ተሳስተዋል። ሰላሳ አምስት ኮከብ። ማንም አያውቅም። ካርቶኖቹን ብጥላቸው ማንም አያውቅም… ሁለት ጊዜ ቆሻሻ መጣያው ዘንድ ደረስኩ። ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ባለቤቴ "ምን ሆነሻል ቤቱን የምትዞሪው?" አለኝ። ነገርኩት። "ታዲያ ንገሪያቸዋ" ብሎ ወደ ጋዜጣው። ቀላል ነገር ይመስል!

ሰኞ፣ መጋቢት 29

አልሄድኩም። ፈሪ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ሄድኩ።

የሆቴሉ ማጠቢያ ክፍል ከመሬት በታች ነው። እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው። አጣቢዋ ከተራራ አንሶላ ጀርባ ቆማ ታጥፋለች። ሰላም ስላት የአንዱን አንሶላ ጫፍ ሰጠችኝና "ይያዙልኝ" አለች።

እያጠፍን ነገርኳት። ሁለት እርምጃ ወደሷ፣ ጫፍ ለጫፍ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ካርቶኑን፣ እስክሪብቶውን፣ "ካርቶን አያድግም" ያልኩትን። ስድስት አንሶላ ፈጀብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ነይ ተመለሽ አልኳት።

"እዚህ ለእኔ ብቻ መንገር ቀላል ነው" አለች። "እኔ የተዋረድኩት እዚያ ነው። እዚያው፣ እነሱ ፊት ይንገሯቸው። ያኔ እመጣለሁ።"

ልክ ናት። ዓይኔን በጨው አጥቤ እሷ ጋ ሹክ ብዬ ልገላገል ኖሯል። ቅዳሜ ትመጣለች። ቅዳሜ እናገራለሁ። ቆርጫለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ተናገርኩ!

ቁጭ እንዳሉ፣ ቦርሳቸውን እንኳ ሳይከፍቱ። ስድስቱን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩና "ኮከቦቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። አፌን ሞልቼ የሰደብኳት ግን እኔ ነኝ" አልኩ። እስከ መጨረሻው ደረስኩ። አጣቢዋ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች።

የቀደመችው ሹፌሯ ናት፦ "ስድስት ዓመት ለምነን ግድግዳ ቢሰጡን፣ አንቺ ደረጃ ሠራሽበት!"

ፀጉር ሠሪዋ "ትልልቆቹን በፈላ ውሃ እንቀቅላቸው፣ ይሸበሸቡ የለ?" አለች። ታላቅየዋ እህት ጠርዛቸው ይከርከም አለች፤ ታናሽየዋ "የኮከቡ ጫፍስ? ሊቆረጥ?" ብላ ተቆጣቻት። እትዬ ሜትር ግንባራቸውን ይዘው "ይተርተር" አሉ። "ሰላሳ አምስቱም ይተርተር፣ እንደገና ይሰፋ።"

በሃያ ስድስት ቀን? ሰው ነን እኮ! ሹፌሯ "ዘንድሮም ቀረብን በሉኛ" አለች፣ አሁን ያለ ቀልድ። እንደዚያ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ይኼን ጊዜ አጣቢዋ ከበሩ ተነሥታ መጣች። "ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥር አንጥለውም፣ ጠርዝ እንጨምርለታለን" አለች። ከኮከቦቿ አንዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ የእትዬን ትንሿን ከጎኑ። "ሁሉንም በነጭ ጠርዝ እንክበባቸው። ለትንሹ ሰፊ ጠርዝ፣ ለትልቁ ቀጭን። ሲያልቁ ሁሉም እኩል። ከአገልግሎት የወጡ ነጭ አንሶላዎች አሉን፣ ኃላፊዋን ጠይቄያለሁ፣ ውሰጂ ብላኛለች።"

ጠይቃለች! እኔ እውነቱን እንደምናገር እንኳ እርግጠኛ ሳትሆን አስባበታለች።

እትዬ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ለኩ፣ አንጎራጎሩ፣ እንደገና ለኩ። "እያንዳንዱ ሃያ ስምንት ቢሆን… በሰባት… መቶ ዘጠና ስድስት። ግድግዳው ሁለት ሜትር።" ቀና አሉ። "ይገባል!"

ጮህን። የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ መጥቶ ገሠጸን።

እትዬ ይቅርታ የሚል ቃል ካፋቸው አይወጣም፣ እናውቃቸዋለን። ግን የጨርቅ መቀሳቸውን አወጡ። ያን መቀስ ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ፀጉር ሠሪዋ አንድ ቀን ወረቀት ልትቆርጥበት ብላ ለሳምንት አኩርፈዋታል። እጀታውን ወደ አጣቢዋ አዙረው ሰጧት። "የመጀመሪያውን ጠርዝ አንቺ ቁረጪው ልጄ። እኔ እንኳ አላሰብኩትም ነበር።"

ቆረጠችው። ቀጥ ያለ፣ ያለ ማስመሪያ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ለአሥራ ስምንት ኮከብ ጠርዝ ተደረገለት። ሠላሳ አንድ ቀረ። ሹፌሯ በእረፍቷ አውቶቡሱ ውስጥ ሆና ትሰፋለች፣ ተሳፋሪዎች አስተያየት ይሰጣሉ አለች። "አንድ ሽማግሌ ክርሽ ላላ ብለው ወረዱ።"

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

የእኔ ስፌት መኪና ቀበቶው ተበጠሰ። በእጅ እሰፋለሁ፣ ሥራ አይቆምም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

አርባ ዘጠኙም እኩል! ካርቶን የምቆርጠው እኔ መሆኔ ቀረ፤ አሁን ሁሉም ልኩን ከቆርቆሮው ላይ ብቻ ያወጣል፣ እኔ ራሴ ነኝ ያልኩት። መሃል ላይ የማን ኮከብ ይቀመጥ ብለን ስንጨቃጨቅ አጣቢዋ "የእትዬ" አለች። እትዬ ደግሞ "ያንቺ" አሉ። ግማሽ ሰዓት ተጋበዙ። መጨረሻ ላይ ሹፌሯ ዓይኗን ጨፍና አንዱን አነሳች፤ የታናሽየዋ እህት ሆነ። ተገላገልን።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ገበሩ ተያያዘ፣ ጥጡ መሃል ገባ። አሁን ሦስቱን ንብርብር አንድ ላይ በእጅ መውጋት። ሰባታችንም ዙሪያውን ተቀምጠን፣ ጉልበት ለጉልበት። ወገቤ የኔ አይደለም። አጣቢዋ ዝምተኛ ነበረች ያልኩት እኔ ነኝ? ዛሬ የሆቴል እንግዶችን አነጋገር እያስመሰለች በሳቅ ገደለችን። ሁለት ቀን ቀረን። እንጨርሳለን። ካልጨረስን ስሜን ቀይሩት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

አስረከብን። ሊዘጉ ሩብ ሰዓት ሲቀረው። የመጨረሻውን ክር እትዬ አውቶቡስ ውስጥ በጥርሳቸው ቆረጡት፣ መቀሱ ቤት ቀርቶ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ተሰቀለ። ዓይኔ አየ።

አዳራሹ ውስጥ መሰላል ላይ ሆነው ሰቀሉት፣ እኛ ከታች "ግራ! ቀኝ! ትንሽ ከፍ!" እያልን። ከበሩ ሆኜ ሳየው… ነጩ ጠርዝ አንዱ ጋ ሰፍቶ አንዱ ጋ ስለሚጠብ፣ ከፊሎቹ ኮከቦች የቀረቡ፣ ከፊሎቹ የራቁ ይመስላሉ። እንደዚያ ይሆናል ብለን ማናችንም አላሰብንም።

የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ብዙ ቆሞ አየው። "ይኼ መራራቁ… ንድፉ ነው?"

እትዬ ሜትር ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "አዎ፣ ሆን ብለን…" ሲሉ "አይደለም!" አልኩ። አፌ ቀደመኝ። "የእኔ ስህተት ነው። ልኩን እያሳደግኩ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በጠርዝ ያዳነችው እሷ ናት።" አጣቢዋን በክርኔ ገፋ አደረግኳት። እሷም ሳቀች፣ "ካርቶን እኮ ያድጋል" ብላ።

ሰውዬው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። "ከሥራው አጠገብ በሚለጠፈው ካርድ ላይ ይኼንን ልጻፈው? ስማችሁን ጨምሬ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከወር በፊት ቢሆን… መጣያው ዘንድ የቆምኩት ሴትዮ እኮ ነኝ።

"ይጻፉት" አልኩ። "በትልቁ።"

እናም ስህተቴ በትልልቅ ፊደል ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ይለጠፋል፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው። እኔ ግን ቤት እስክደርስ እየዘፈንኩ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ ይምጣ፣ ጋዜጣውን ትቶ። እህቶቹም ይምጡ፣ ድሪቶ ያለችን በተለይ። ጎረቤቶቼ፣ የሹፌሯ ተሳፋሪዎች፣ "ክርሽ ላላ" ያሏት ሽማግሌ ከተገኙ እሳቸውም፣ የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች በሙሉ። አንድም ሰው መቅረት የለበትም፤ የሚቀር ሰው እኔን አያውቀኝም። መክፈቻው ቅዳሜ ነው፣ ግንቦት 16፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት!